ኅዳር ላይ የሚዘንብ ዝናብ ስንት ብር ያስከፍላል? የአቃቂ ጤፍ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እና የእኛ እንጀራ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ የሄደ ሰው ያውቀዋል። መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላ መጋዘን... ከዚያ ድንገት ሜዳ ይከፈታል። ጊዜው ጥቅምት ከሆነ ሜዳው ወደ ቢጫ የሚያደላ ጤፍ ነው። ከጎኑ ዝቅ ብሎ አረንጓዴ የሚታየው ደግሞ ሽምብራ። "አዲስ አበባ ውስጥ እርሻ አለ እንዴ?" ለሚል፣ አለ። በየዓመቱ እየጠበበ ቢሄድም አለ። አቃቂ ቃሊቲ በከተማዋ ውስጥ አሁንም በበሬ ከሚታረስባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

"የአየር ንብረት ለውጥ" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ስልካችን ላይ ያየነው የሚቀልጥ የበረዶ ግግር ወይም ቦረና ላይ የወደቁ ከብቶች ፎቶ ነው። የአቃቂው ጉዳት ግን ፎቶ አይነሳም። ሰብሉ ቆሞ ይታያል፤ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይወቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ገበሬው እጅ ላይ ብር የለም። የት ሄደ? እስቲ ከአፈሩ እንጀምርና ወደ ብሩ እንሂድ።

ቡሄ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ክረምት

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይላል የአገሬ ሰው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ለከተማ ልጅ ይህ ሙልሙልና ጅራፍ የሚያስታውስ አባባል ነው። ለገበሬ ግን የሥራ ካላንደር ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፣ መስከረም ላይ እየሳሳ ይወጣል። ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይ ነው፤ ታጭዶ የሚደርቅበት።

የአቃቂ ሜዳ ደግሞ ተራ አፈር አይደለም። ጥቁር አፈር ነው፣ አንዳንዱ ኮትቻ ይለዋል። ክረምት በጫማ ገብታችሁበት የምታውቁ ከሆነ ጫማችሁን አስቀርቶባችሁ ይሆናል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይዘጋል፣ ውሃውን ወደ ታች አያሳልፍም። በበጋ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት እንዲህ ያለ መሬት አለ። በማዕድን የከበረ ነው፤ ችግሩ ውሃው ነው።

ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ለዘመናት አንድ ብልሃት ይጠቀማል። ዝናቡ በርትቶ ውሃው ማሳው ላይ በሚቆምበት ጊዜ አይዘራም። ደጋግሞ ያርስና ጤፉን ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ይዘራል። ሽምብራውንና ጓያውን ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት እንዲያድግ ይዘራዋል። ሽምብራ ዝናብ ሳያገኝ፣ ከአፈሩ ጥልቀት ውሃ እየሳበ ይደርሳል ማለት ነው። ተመልከቱ፣ ሁለቱም ሰብሎች የተመሠረቱት ዝናቡ "መቼ ይወጣል" በሚለው ላይ ነው። መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቀኑ።

አሁን እየተዛባ ያለው ቀኑ ነው።

በአንድ ዲግሪ ምን ይመጣል?

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። "1 ዲግሪ ምን አላት?" ትሉ ይሆናል። ለሰው ምንም አይደለም፣ ጃኬት ማውለቅ ነው። ለአየሩ ግን አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል። ይህች አንዲት የፊዚክስ ሕግ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን ታመጣለች። ዝናብ በሌለበት ሳምንት የሞቀው አየር ከአፈሩ ብዙ ውሃ ይመጥጣል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የተሸከመውን በአንዴ ይዘረግፈዋል። አንድ ማሳ በአንድ ክረምት ውስጥ ድርቅም ጎርፍም ሊያይ የሚችለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። በማዕከላዊ ደጋማ አካባቢዎች የክረምቱ ጠቅላላ ዝናብ መጠን ቀንሷል ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም፤ ዓመቱን ደምራችሁ ብታዩት "መደበኛ" ሊመስል ይችላል። ግን ድምር ያታልላል። ሐምሌ ላይ 15 ቀን ጠፍቶ፣ ነሐሴ ላይ በ3 ቀን ተዘርግፎ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሳይጠሩት የመጣ ዝናብ ድምሩ ትክክል ነው። ሰብሉ ግን የሚበላው ድምር አይደለም።

በዚህ ላይ ኤልኒኖ አለ። የፓሲፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የእኛ የሰሜንና የመሃል አገር ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በተቃራኒው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የበልግ ወቅት ካለፈ በኋላ ያለው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ያይላል። በ2007 እና 2008 ዓ.ም ያየነው ይኸው ነበር፤ በታኅሣሥ 2008 የዕለት እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ዋግ ኽምራና ሰሜን ጎንደር በድርቅ ሲጎዱ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት። ኤልኒኖ ራሱ ድሮም የነበረ ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ አልፈጠረውም። በሞቀ ዓለም ላይ ሲመጣ ግን ምቱ ይከብዳል።

ሂሳቡ፦ 25 በመቶ ሲጠፋ 80 በመቶ የሚጠፋው እንዴት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው ምሳሌዎች ናቸው፣ የማንም ሰው ትክክለኛ ደብተር አይደለም። አካሄዱን ግን ተከታተሉ።

አንድ ገበሬ 1 ሄክታር፣ ማለትም 4 ጥማድ ያህል ጤፍ ዘራ እንበል። ደህና ዓመት ነውና 16 ኩንታል አገኘ። 5 ኩንታሉ ለቤቱ ቀለብና ለዘር ይቀራል። 11 ኩንታል ይሸጣል። ኩንታሉ 10,000 ብር ቢሆን 110,000 ብር። ከዚህ ላይ ማዳበሪያ፣ ፀረ አረም፣ የአራሚና የአጫጅ ቀን ሠራተኛ፣ ማጓጓዣ... 60,000 ብር ወጪ አለበት። በእጁ 50,000 ብር ይቀራል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚልክበት፣ ልብስ የሚገዛበት፣ የታመመ የሚያሳክምበት፣ ቆርቆሮ የሚቀይርበት ይቺው ናት።

አሁን ዝናቡ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቀጥ አለ። ጤፉ ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ውሃ አጣ። ምርቱ በ25 በመቶ ቀነሰ፣ 12 ኩንታል ሆነ። ቤተሰቡ መብላቱን አይተውም፣ 5ቱ ይቀራል። የሚሸጠው 7 ኩንታል፣ 70,000 ብር። ወጪው ግን ያው 60,000 ነው፣ ምክንያቱም ማዳበሪያው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ተገዝቶ አፈር ውስጥ ገብቷል። መልስልኝ አይባልም። በእጁ የቀረው 10,000 ብር።

ምርቱ በሩብ ቀነሰ፣ የእጅ ገንዘቡ በ80 በመቶ። ዜና ላይ "የምርት መቀነስ 25 በመቶ ነው" ሲባል ብንሰማ "ይቻላል" እንላለን። ቤት ውስጥ ግን የሆነው ሌላ ነው።

"ግን ምርት ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራል አይደል? ይካካስለታል" የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኩንታሉ 12,500 ገባ እንበል፤ 7 ኩንታል 87,500 ብር ያወጣል፣ ወጪው ሲነሳ 27,500 ይቀራል። ከ10,000 ይሻላል፣ ከ50,000 ግን ወደ ግማሽ ብቻ ነው። ደግሞ ይህ የሚሆነው ዋጋው ከጨመረ ነው። የአዲስ አበባን የጤፍ ዋጋ አቃቂ አይወስነውም። ጤፉ ከጎጃም፣ ከአድአ፣ ከበቾ፣ ከምንጃር ነው የሚመጣው። አቃቂ ላይ ጎርፍ ገብቶ ጎጃም ጥሩ ካመረተ ዋጋው ፈቅ አይልም። የአቃቂው ገበሬ ጉዳቱን ለብቻው ይሸከማል፤ እኛ ሸማቾች ሳንሰማው እንኳ ያልፋል። አገሪቱ በሙሉ ስትጎዳ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል፣ ያኔ ግን የሚሸጥ እህል የያዘው ነጋዴው ነው። አብዛኛው ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ታኅሣሥና ጥር ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ እያለ ሸጧል፤ ሐምሌ ላይ ሲወደድ እሱም ከእኛ ጋር ገዢ ነው።

ከማኛ ወደ ታች

አሁን ደግሞ የርዕሳችንን ዝናብ እንየው፤ የኅዳሩን። ይሄ በጣም ስውር ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ጤፍ ሲደርስ ቀጭን አገዳው ፍሬውን መሸከም ያቅተዋል። በዚህ ላይ ከባድ ዝናብ ወይም ንፋስ ሲመጣ ይጋሽባል፤ ማለትም መሬት ላይ ይተኛል። የተኛ ጤፍ ለማጨድ አስቸጋሪ ነው፣ ተጨማሪ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ብዙ ፍሬም አፈር ላይ ይቀራል። ከታጨደ በኋላ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ነዶው ይረጥባል። ክምሩ በደንብ ካልተሠራ ውሃ ይገባዋል፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ፍሬው ቀለሙን ይቀይራል ወይ ያቆጠቁጣል።

ጤፍ የሚሸጠው ደግሞ በቀለም ነው። እህል በረንዳ የሄደ ያውቃል፤ ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። በተለይ ማኛ ከእኛው ጎረቤት ከአድአ፣ ከቢሾፍቱ ዙሪያ በሚወጣው የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ። ነጋዴ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ በቃ። የጠቆረች ፍሬ ካየ "ዝናብ ነክቶታል" ይልና ዋጋውን ይቆርጣል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ምርቱ ምንም አልቀነሰም፣ 16 ኩንታል ሙሉ። ግን ኅዳር ላይ ለ3 ቀን ዘነበና ጤፉ ደረጃው ወረደ፣ ዋጋው በ10 በመቶ ተቀነሰ። 11 ኩንታል በ9,000 ብር 99,000 ነው። ወጪው ሲነሳ 39,000። ምርት ሳይቀንስ ከትርፉ ከአምስት እጅ አንድ እጁ ሄደ። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የምርት ቆጠራ ላይ አይታይም፤ ኩንታሉ ሙሉ ነውና።

ጭዱንም አትርሱ። ለከተማ ሰው ጭድ ቆሻሻ ይመስለዋል። ለአቃቂ ገበሬ ግን ሁለተኛ ሰብል ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ላም የሚያረባ ሁሉ ጭድ ይገዛል፣ የጭቃ ቤት የሚመርግ ሁሉ የጤፍ ጭድ ይፈልጋል። ዝናብ የመታው ጭድ ይሻግታል፣ ከብት አይበላውም። ጭድ ሲጠፋ ላም ያለው ሰው ወደ ፉርሽካና ፋጉሎ ይዞራል፣ ያም ይወደዳል፣ ከዚያ ማኪያቶው። ወተት ለምን ተወደደ ብላችሁ ካፌ ውስጥ የምትከራከሩ ልጆች፣ አንዱ ክር እዚህ ድረስ ይመጣል። (ሌሎቹ ክሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ነገር በዝናብ ማሳበብም ትክክል አይደለም። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ጦርነቱ፣ የነዳጁ ዋጋና የብሩ መዳከም ሁሉ ነበሩበት።)

በሬው ሲሸጥ

ገበሬው 10,000 ብር ይዞ ዓመቱን መግፋት ሲያቅተው ምን ይሸጣል? መጀመሪያ ዶሮና በግ፣ ቀጥሎ ጊደር። መጨረሻ ላይ በሬ። በመጥፎ ዓመት ሁሉም ስለሚሸጥ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ይወደዳል፤ በአንድ በሬ የሚገዛው ጤፍ ያንሳል።

በሬ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ክረምት በምን ያርሳል? አንድ ከቀረው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል፣ ተራ ይጠብቃል። ጥቁር አፈር ላይ ተራ መጠበቅ ውድ ነው፤ ለማረስ የሚመቸው እርጥበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ሁለቱንም ከሸጠ መሬቱን የእኩል ይሰጣል፤ ምርቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የአንድ መጥፎ ዓመት ኪሳራ በዚያ ዓመት አያልቅም። ለሦስት፣ ለአራት ዓመት ይከተላል። በዚህ መሃል ሁለተኛ መጥፎ ዓመት ከመጣ ልጁ ማረሻውን ትቶ ቃሊቲ መናኸሪያ ጭነት ያወርዳል ወይ ኮንስትራክሽን ላይ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ምናልባት ከእናንተ ጋር ሠርቶ ይሆናል።

ይህን በአገር ደረጃ አስፉት። ግብርና ከኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ነው፣ ከሠራተኛው ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረውም በእሱ ነው፤ አብዛኛው እርሻ ደግሞ ዝናብ ጠባቂ። በ1977ቱ ድርቅ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በ10 በመቶ ገደማ ወደቀ። በ1995ቱ ድርቅ ከ2 በመቶ በላይ ቀነሰ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በ2006 ባወጣው ጥናት የዝናብ መዋዠቅ ብቻውን ኢትዮጵያ ልታድግ ከምትችለው ዕድገት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያሳጣታል ብሎ ነበር። ልብ በሉ፣ "ድርቅ" አላለም፤ መዋዠቅ ነው ያለው። ገበሬው ነገ ዝናቡ መቼ እንደሚወጣ ካላወቀ ብዙ ማዳበሪያ አይገዛም፣ ብድር አይወስድም፣ የተሻለ ዘር አይሞክርም። በጥሩ ዓመትም ቢሆን ፈርቶ ስለዘራ ትንሽ ያገኛል። ከጎርፍና ከድርቅ ይልቅ ይህ ፍርሃት የሚያሳጣን ሳይበዛ አይቀርም፤ የእኔ ግምት ነው።

ወንዙ ዳር ያለው ሌላ ታሪክ

አቃቂ ሜዳው ብቻ አይደለም፣ ወንዙም ነው። ትንሹ አቃቂ ከምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከምሥራቅ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንች በመስኖ ይመረታል። በየጉልቱ የምንገዛው ቆስጣ ብዙው ከዚሁ ነው።

እነዚህ አትክልተኞች ዝናብ ጠባቂ ስላልሆኑ ከአየር ንብረት ለውጥ ያመለጡ ይመስላል። አላመለጡም። ነሐሴ ላይ ከእንጦጦ ጀምሮ የከተማው አስፋልትና ቆርቆሮ ያራገፈው ውሃ ሁሉ የሚደርሰው ከታች ላሉት ነው። በነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ 7 ሰዎችን ሲገድል ሁላችንም ቪዲዮውን አይተናል፤ ያ ውሃ ከስክሪናችን ከወጣ በኋላ የወረደው ወደ ደቡብ ነው። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይቀንሳል፣ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን አይቀንስም። ውሃው ሲያንስ ቆሻሻው ይወፍራል። በአቃቂ ወንዝ በሚጠጡ አትክልቶች ላይ ተደጋግመው የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ምን እየተሞከረ ነው?

አንደኛው ዘሩ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከአቃቂ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሞላው፣ የአገሪቱ የጤፍ ምርምር ዋና ቦታ ነው። በ1998 ዓ.ም የለቀቀው ቁንጮ የተባለው ዘር ነጭና ምርታማ ስለሆነ በሰፊው ተሰራጭቷል። ከዚያ በፊት የወጣው ጸደይ፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ቦሰት ደግሞ ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ዘር መምረጥ ቁማር ይመስላል፤ ዝናቡ እስከ መጨረሻው ከቆየ ቁንጮ ያሸንፋል፣ ቀድሞ ከወጣ ቶሎ የሚደርሰው ያሸንፋል። ውሳኔው ግን ሐምሌ ላይ ነው፣ ውጤቱ የሚታወቀው ጥቅምት ላይ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ሊረዳ ይገባ ነበር። ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። የወቅት ትንበያ የሚወጣው "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ" ተብሎ ነው። ለባለሙያ ጥሩ ነው። ገበሬው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ መስከረም 20 ዝናብ አለ የለም? ጤፉን ዛሬ ልጨድ ወይስ ሳምንት ልጠብቅ? የ10 ቀን ትንበያ ለዚህ ይቀርባል፤ ግን ቴሌግራም ላይ ከእኛ ከወጣቶቹ ስልክ አልፎ ክምሩ ጋ የሚደርሰው ስንት ጊዜ ነው? ቤተሰባችሁ ገጠር ከሆነ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትንበያውን አይታችሁ አንድ ስልክ መደወል ቀላል ነገር አይደለም። ሸራ ለመከራየት የሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል።

ኢንሹራንስም አለ። በ2001 ዓ.ም ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ በምትባል ቀበሌ በ200 ገበሬዎች የተጀመረ የጤፍ የዝናብ መድን ነበር። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ማሳ እየዞረ የሚገምት ሰው የለም። ሳተላይት የዝናቡን መጠን ያያል፣ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ለሁሉም ይከፈላል። ርካሽ ነው፣ ማጭበርበር አይቻልም። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። ሳተላይቱ "ዘንቧል" ካለ፣ የአንተ ማሳ ላይ ባይዘንብም አትካስም። ኅዳር ላይ ጤፍህ ረጥቦ ከማኛ ቢወርድ ደግሞ ጭራሽ ጉዳዩ አይደለም፤ የተዋዋልከው ለድርቅ ነው። ለአቃቂ የሚሆን መድን የዝናብ ማነስን ብቻ ሳይሆን ያለጊዜው መምጣትንም የሚቆጥር መሆን አለበት።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚስበኝ የውሃ ማጠንፈፊያው ነው። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ጥቁር አፈራቸውን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራሉ፤ ሰብሉ መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ትርፍ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም ተሰልፎ የሚሠራው ከባድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን አይተው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ፤ የተለመደውን ማረሻ አሻሽለው መደቡን በአንዴ የሚያወጣ። ጥቅሙ ውሃ ማስወገድ ብቻ አይደለም። ውሃ የማይቆምበት ማሳ ላይ ስንዴ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ቀድሞ ይዘራል። ቀድሞ የተዘራ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዚያ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራትም ይቻላል። አንዱ ቢከስር ሌላው ይይዘዋል።

አቃቂ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ቦይ የሚሠራ ሰው ውሃውን የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት። ድሮ ከማሳው ግርጌ ረግረግ ነበር፣ ከዚያ ወንዝ። ዛሬ ግርጌው ላይ አጥር፣ አስፋልት ወይም የመጋዘን ግንብ አለ። ከላይ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያና ጠጠር የለበሰው ግቢ ድሮ አፈር ይጠጣው የነበረውን ውሃ ወደ ማሳው ይልካል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቦይ ቢያወጣ የጎረቤቱን ጤፍ ያሰጥማል፤ ሁሉም ቢያወጡ መንገዱን ይቆርጣል። መንገድ የሚሠራው አካልና እርሻን የሚከታተለው አካል ለየብቻ ነው የሚያቅዱት። የመንገዱ ዳር ቱቦ ሲቀበር ስፋቱ የሚለካው ለመንገዱ ነው፤ ከማሳው የሚመጣውን ውሃ ማንም አይቆጥረውም። ክረምት ላይ ከቱሉ ዲምቱ ስትመለሱ በመስኮት ተመልከቱ፤ ውሃው ተኝቶ የምታዩት ብዙ ጊዜ መንገዱ ከማሳው ከፍ ብሎ በተሠራበት በኩል ነው።